«ማኮላሸት» እና ዘመዶቹ፤ ከበረት እስከ አደባባይ

«ውቤ በረሃ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. የነበረውን የሌሊት ጭፈራ፣ የአዝማሪውን ማሲንቆና የጠጁን ብርሌ ነው። ይሁን እንጂ ሰፈሩ ከጭፈራው በፊት የሹም ሰፈር ነበር፤ ደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ የሰፈሩበት በመሆኑ «ደጃች ውቤ ሰፈር» ተባለ፤ «በረሃ» የሚለውን የጨመረለት የከተማው አንደበት ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ በዚህ አካባቢ፣ ማለትም በአራዳና በዙሪያዋ፣ ልዩ ልዩ ሰው በአንድ ጎዳና ሲተላለፍ ኖሯል። ከብቱን እየነዳ ወደ ገበያ የሚገባው ባላገር፣ ከዘመቻ ተመልሶ በአለቃው ሰፈር ጎጆ የቀለሰው ወታደር፣ ከግቢ ወጥቶ ጊዮርጊስን የሚሳለመው ባለሟል፣ ቆይቶም መድኀኒትና መርፌ የያዘው ሐኪም በዚያ ተገናኝተዋል። እያንዳንዱም ወደ ከተማው የገባው ጓዙን ብቻ ይዞ ሳይሆን ቃሉንም ይዞ ነው። አራዳ የእህልና የከብት ገበያ ብቻ አልነበረችም፤ የቃላትም ገበያ ነበረች።

በዚያ ገበያ ከተገናኙት ቃላት መካከል ጨዋ ሰው በአደባባይ ሊያነሣቸው የማይወድ አንድ ቤተሰብ አለ። ወንድ እንስሳ ዘር እንዳይሰጥ ማድረግን የሚገልጹት ማኮላሸት፣ መቀጥቀጥ፣ መስለብና ማምከን የሚባሉት ናቸው። ጉዳዩን በኪነ ጥበብ መጽሔት ላይ ማንሣት ለአንዳንዱ አንባቢ የሚያስቅ፣ ለሌላውም የሚያሳፍር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እነዚህ ቃላት ከበረት ወጥተው በዜና፣ በንግግርና በግጥም ውስጥ ከገቡ ውለው አድረዋል፤ የአገር ታሪክም ይጻፍባቸዋል። በመሆኑም ትርጉማቸውንና አመጣጣቸውን መመርመር የቃል ጨዋታ አይደለም። ይህ ጽሑፍ ሊያሳይ የሚሞክረው አንድ ነገር ነው፤ ቃላቱ አንድ ዓይነት ነገር የሚናገሩ ቢመስሉም እያንዳንዳቸው ማን እንዳደረገው፣ ለምን እንዳደረገውና ማን እንደ ተጎዳ በየራሳቸው መንገድ ይመሰክራሉ። አንዱን በሌላው የለወጠ ጸሐፊ ምስክሩን ለውጧል።

ከበረቱ እንጀምር። የአገራችን አርሶ አደር ከብቱን በዕድሜውና በግብሩ ለይቶ ይጠራል። ወይፈን ገና ቀንበር ያልለመደ ጎረምሳ ነው። ኮርማ ለዘር የተተወው ነው። በሬ ተገርቶ የሚያርሰው ነው። ሰንጋ ተኮላሽቶ የደለበው ነው፤ የተኮላሸ ፈረስም «ሰንጋ ፈረስ» ይባላል። በፍየል ወገን ደግሞ ያልተኮላሸው ጎረምሳ ወጠጤ ሲባል፣ ተኮላሽቶ የሰባው ሙክት ይባላል፤ በግም ሙክት ይሆናል። አንባቢ ልብ ሊል የሚገባው፣ በዚህ የስም ተራ ውስጥ ሰንጋና ሙክት የውርደት ስሞች አለመሆናቸውን ነው። እንዲያውም የዋጋና የክብር ስሞች ናቸው። ለዓመት በዓል ሙክት የጣለ አባወራ ቤቱን አክብሯል ይባላል፤ ለሠርግ ሰንጋ የጣለም ስሙ ይነሣል።

አርሶ አደሩ እንስሳውን የሚያኮላሽበት ምክንያት የታወቀ ነው። የወንድ እንስሳ ቆለጥ ሁለት ሥራ አለው፤ አንደኛው ዘር ማዘጋጀት ሲሆን ሁለተኛው የወንድነትን ጠባይ የሚሰጠውን ሆርሞን በደም ውስጥ ማሰራጨት ነው። ይህ ሲቋረጥ እንስሳው ከመዋጋትና ሴት ከመከተል ያርፋል፤ የሚበላው ወደ ስብ ይዞራል፤ ፍየል እንደ ሆነም ያ የወጠጤ ጠረን ከሥጋው ይጠፋል። ከዚህም ሌላ በመንጋው ውስጥ ለዘር የሚተወውን ኮርማ መርጦ ሌላውን ማኮላሸት ራሱን የቻለ የዘር ማሻሻል ጥበብ ነው። ባላገሩ የሆርሞንን ስም ሳያውቅ ሥራውን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

አሠራሩን የሚገልጸው የቆየ ቃል «መቀጥቀጥ» ነው። እንስሳውን ጥሎ፣ አስሮ፣ ከቆለጡ በላይ ያለውን ገመድ መሰል ሥር በድንጋይ ወይም በእንጨት መምታት ነው። ቆዳው አይቆረጥም፤ ደም አይፈስም። ውስጥ ለውስጥ ግን የደም ሥሩና የዘሩ መተላለፊያ ይደቅቃሉ፤ ቆለጡም ደም አጥቶ ቀስ በቀስ ይሟሽሻል። ለእንስሳው ከባድ ሥቃይ ነው፤ እብጠቱም ለቀናት ይቆያል። ይሁን እንጂ ቁስል ባለመኖሩ ዝንብ አያርፍበትም፤ ትል አያፈራም፤ መግልም በቀላሉ አይዝም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ የታሪክ መገጣጠም አለ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ናፖሌዎኔ ቡርዲዞ የተባለ ጣሊያናዊ የእንስሳት ሐኪም ትልቅ ጉጠት የሚመስል መሣሪያ ፈለሰፈ። የመሣሪያው ሁለት መንጋጋዎች የቆለጡን ሥር ከቆዳው በላይ ይዘው ያደቅቁታል፤ ቆዳውን ግን አይቆርጡትም። መሣሪያው በፈልሳፊው ስም ተጠርቶ በዓለም ዙሪያ ተሠራጨ፤ በእኛም አገር የእንስሳት ጤና ሠራተኞች «ቡርዲዞ» እያሉ ይሠሩበታል። የጣሊያናዊው ብረትና የባላገሩ ድንጋይ የቆሙበት መሠረት አንድ ነው፤ የተለየው ልኩ፣ ፍጥነቱና የሥቃዩ መጠን ነው። ዛሬ ሐኪሙ በማደንዘዣ መርፌ ሥቃዩን ሊያስታግስ ይችላል፤ ይህም ከድንጋዩ በእጅጉ የተሻለ ነው። ነገር ግን በቡርዲዞ የሚሠራውን ሥራ በትክክል የሚገልጽ የአማርኛ ቃል ከመሣሪያው በፊት ነበረ፤ እርሱም «መቀጥቀጥ» ነው። ለገበሬው «ይህ ብረት ሳይቆርጥ ይቀጠቅጣል» ቢሉት ወዲያው ይገባዋል። አዲስ መሣሪያ ሁሉ አዲስ ቃል ይፈልጋል የሚለው አስተሳሰብ ሁልጊዜ እውነት አይደለም።

ከብቱ ከበረት ተነሥቶ ወደ ከተማ ሲነዳ ከቃላቱ ሁለቱ ብቻ አብረውት ገቡ። አራዳ ሰንጋንና ሙክትን አወቀች፤ መቀጥቀጥን አላየችም። በመዲናዪቱ ውስጥ «ሰንጋ ተራ» የሚባል ሰፈር እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ጎረቤት ተዋጥቶ ቅርጫ ሲገባ ሰንጋውን የሚያውቀው በሻኛውና በጎድኑ ነው፤ በቁርጥ ቤት የተቀመጠው ከተሜም የሚጠይቀው ስለ ብልቱ እንጂ እንስሳው ሰንጋ እስኪባል ስላለፈበት ነገር አይደለም። የአራዳ አንደበትም ቃሉን ወደ ሰው አዞረው፤ በልቶ የወፈረውን «ሙክት መስሏል»፣ ሳይበስል የሚቅበጠበጠውን «ወጠጤ» አለው። ቀልድ ነው፤ ነገር ግን ቃል ሥራውን ጥሎ ውጤቱን ብቻ ይዞ ወደ ከተማ እንደሚገባ ያሳየናል። ገበያው ሸማቹን ከእረኛው ብቻ ሳይሆን ከእረኛው ቃልም ይለየዋል። የኢጣሊያ ወረራ ዘመን የአራዳን ገበያ ወደ ዛሬው መርካቶ ባዛወረ ጊዜም የባላገሩ ቃል ከአራዳ ጎዳና ይበልጥ ራቀ።

ሐኪሙ ያመጣው ቃል «ማምከን» ነው። ዘመናዊው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት በአገራችን ሥር ሲሰድ፣ በተለይም በቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ በ1979 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ በኋላ፣ በአማርኛ የሚጻፉ መምሪያዎች ለአንድ ጥቅል ሐሳብ ጥቅል ቃል ያስፈልጋቸው ነበር። መካን ከሚለው የወጣው ማምከን ለዚህ ተመቸ፤ ለወንድም ለሴትም ይሆናል፤ ጨዋም ነው። ዛሬ ፈንጂ የሚያከሽፈው ባለሙያ ሳይቀር «ፈንጂ አምካኝ» ይባላል። ሆኖም ማምከንና ማኮላሸት አንድ አይደሉም። የተኮላሸ እንስሳ ዘሩንም የወንድነት ጠባዩንም ያጣል። የመከነ እንስሳ ግን ዘር የመስጠት ችሎታውን ብቻ አጥቶ ጠባዩን ሊይዝ ይችላል። ሐኪም የኮርማን የዘር መተላለፊያ ቆርጦ ቆለጡን ቢተውለት፣ ኮርማው ላም ይከተላል፤ ይዋጋል፤ ይሰራል፤ አያስረግዝም እንጂ።

ይህ ልዩነት የቃላት ክርክር ብቻ እንዳልሆነ የቆላ ዝንብ ታሪክ ያስረዳል። የቆላ ዝንብ ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ ታስተላልፋለች፤ በምዕራብና በደቡብ ኢትዮጵያ ሰፊ ለም መሬት በሬ አጥቶ የኖረው ከፊሉ በእርሷ ምክንያት ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የደቡብ ስምጥ ሸለቆ ፕሮጀክት ከተያዙት ዘዴዎች አንዱ፣ ዝንቡን በቃሊቲ አራብቶ፣ ወንዶቹን በጨረር አምክኖ፣ ወደ ተፈጥሮ መኖሪያው መልቀቅ ነው። ሴቷ ዝንብ ብዙውን ጊዜ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ስለምትገናኝ ከመካኑ ወንድ ጋር ከተገናኘች ዘሯ ይቋረጣል። በዛንዚባር የኡንጉጃ ደሴት ዝንቡ በዚህ ዘዴ ድጋፍ ጨርሶ እንደ ጠፋ በዚያው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ተረጋግጧል። እንግዲህ ይህ ዘዴ የሚሠራው ወንዱ ዝንብ መካን ሆኖ ወንድ ሆኖ ስለሚቀር ነው። «ተኮላሸ» ብንል ዘዴው ትርጉም ያጣል፤ የተኮላሸ ሴት አይከተልምና። አንድ ቃል ሲሳሳት አንድ ሳይንስ ይሳሳታል።

አሁን ከእንስሳው ወደ ሰው እንለፍ፤ ታሪኩም ከዚህ በኋላ ይከብዳል። ግእዝ የተሰለበ ወንድን «ኅጽው» ይለዋል፤ አማርኛ ደግሞ «ጃንደረባ» ይለዋል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጠቀሰው የንግሥት ህንደኬ ባለሟል በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ቃል ተጠርቷል፤ በኢትዮጵያ ትውፊትም የመጀመሪያ አማኝ ተብሎ ይከበራል። በዘመናችን በቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ዘንድ ቃሉ የትውልድ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። ስሙን የሚሸከሙት የሚያስቡት ታማኝነትን እንጂ ምላጭን አይደለም። ቃሉ ከቁስሉ ድኗል ማለት ይቻላል።

ይሁንና ቁስሉ ነበረ። በ14ኛው መቶ ዓመት በማምሉኮች መንግሥት ያገለገለው ጸሐፊ አል-ዑመሪ ስለ ኢትዮጵያ ባሪያ ንግድ የጻፈው ለማንበብ ይከብዳል። ልጆቹ ዋሽሉ በምትባል ቦታ ይሰለባሉ፤ ከዚያ ወደ ሐዲያ ተወስደው ዳግመኛ በምላጭ ይነካሉ፤ ይታከማሉም፤ ከሚድኑት ይልቅ የሚሞቱት ይበዛሉ ይላል። የአምሐራው ንጉሥ ግን ይህን ሥራ እንደሚጸየፍና አጥብቆ እንደሚከለክል ያው ጸሐፊ መስክሯል። ክልከላው ንግዱን አላስቆመውም። በዘመናት ሂደት ከሐበሻ ምድር የተወሰዱ ስልቦች እስከ ካይሮና ኢስታንቡል አብያተ መንግሥት ደርሰዋል፤ ከእነርሱም አንዱ በሺር አጋ ከ1717 እስከ 1746 እ.ኤ.አ. የኦቶማኑ ሱልጣን ሐረም አለቃ ሆኖ ከመንግሥቱ ኀያላን አንዱ ለመሆን በቅቷል። ሥልጣኑ ግን በልጅነቱ የተወሰደበትን አልመለሰለትም።

እዚህ ላይ የኒቅያ ጉባኤን መጥቀስ ይጠቅማል። በ325 እ.ኤ.አ. የተሰበሰቡት ሊቃውንት በመጀመሪያው ቀኖናቸው የፈረዱት በስልቡ አካል ላይ አይደለም፤ ያደረገው ማን ነው ብለው ጠየቁ። ጤነኛ ሆኖ ሳለ ራሱን የሰለበ ከክህነት ይከልከል፤ ሐኪም ለሕመሙ የሰለበው ወይም አረመኔ በግፍ የሰለበው ግን አይከልከል አሉ። ሕጉ ከአካሉ ጉድለት ይልቅ ያደራጊውን እጅ ተመለከተ። ይህን ጥያቄ እንያዘው፤ ወደ ፍጻሜው እንመለስበታለን።

ሦስተኛው ቃል፣ መስለብ፣ የጦር ሜዳ ቃል ነው። «ሰለበ» በግእዝ ገፈፈ፣ ነጠቀ፣ ማረከ ማለት ነው፤ በዐረብኛም ያው ሥር ያንኑ ትርጉም ይሰጣል። ስለዚህ ቃሉ በመነሻው የአካል ሳይሆን የዘረፋ ቃል ነው። በብዙ የአፍሪካ ቀንድ ማኅበረሰቦች ጀግና የጠላቱን ወንድነት ቆርጦ ግዳይ ይዞ የመመለስ ልማድ በነበረበት ዘመን ነው ቃሉ ወደ አካል የዞረው። በዓድዋ፣ በ1888 ዓ.ም.፣ በወደቁ አንዳንድ ወታደሮች ላይ ይህ እንደ ተፈጸመ በጊዜው የተጻፉ ዘገባዎች ይናገራሉ። ዓድዋ የጥቁር ሕዝብ ድል መሆኑ እውነት ነው፤ ይህም እውነት ነው፤ ታሪክ የሚጽፍ ሰው አንዱን ለማክበር ሌላውን መደበቅ አያስፈልገውም። ከዚያ ጦር የተመለሱት ዘማቾችም በመኳንንቱ ሰፈሮች ሲሰፍሩ ቃላቸው ከነፉከራቸው አብሯቸው ሰፍሯል።

ቃሉ ግን የሄደበት መንገድ ያስገርማል። በገጠር «ሰላቢ» ማለት የሰው ቅቤ፣ የሰው እህል በረከቱን በምትሃት የሚወስድ ነው፤ ጎተራው ሳይነካ ይጎድላል። ይህ አነጋገር የግእዙን ጥንታዊ ትርጉም፣ ንጥቂያን፣ ጠብቆ ይዟል። በዘመናዊው አማርኛ ደግሞ «ሰለባ» የተጎጂ ስም ሆነ፤ የድርቅ ሰለባ፣ የጦርነት ሰለባ፣ የወረርሽኝ ሰለባ እንላለን። የድል አድራጊው ግዳይ የነበረው ቃል ዛሬ የወደቀው ሰው ስም ነው። ቃሉ ከገዳዩ ትከሻ ወርዶ ከሟቹ ጋር ተኝቷል። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተው ሙዚየም ግን ሟቾቹን «የቀይ ሽብር ሰማዕታት» ብሎ ሰየማቸው እንጂ ሰለባ አላላቸውም። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ሰለባ የተወሰደበት ነው፤ ሰማዕት የመሰከረ ነው። ስሙን የመረጡ ሰዎች ሟቾቹን ከተደረገባቸው ነገር ይልቅ በቆሙበት ነገር ሊያስታውሷቸው ወደዱ።

ወደ ዛሬው የጽሑፍ ልማዳችን ስንደርስ፣ ላልተሳካ ነገር አማርኛ ቢያንስ አራት ቃላት ያቀርብልናል፤ ከሸፈ፣ መከነ፣ ጨነገፈ፣ ተኮላሸ። ብዙ ጊዜ እንደ ተመሳሳይ ሲጻፉ እናያለን። መምህራን በክፍል ውስጥ ለይተው ቢያስተምሯቸው መልካም ነው። ከሸፈ የጥይት ቃል ነው፤ ምላጩ ተስቧል፤ ጥይቱ ግን አልተነሣም። መከነ የማሕፀን ቃል ነው፤ ፍሬ ከመጀመሪያው አልያዘም። ጨነገፈ የፅንስ ቃል ነው፤ ተይዞ፣ አድጎ፣ ሳይደርስ ወረደ። ተኮላሸ ግን የበረት ቃል ነው፤ ኀይሉ ነበረ፤ ሙሉ ነበረ፤ ሌላ እጅ መጥቶ ነጠቀው። ከአራቱ መካከል አድራጊውን ሳይጠራው እንኳ «አድራጊ አለ» ብሎ የሚጮኸው ይህ ቃል ነው።

በምሳሌ እንየው። በ1966 ዓ.ም. የተነሣው ሕዝባዊ እንቅስቃሴ ሁለት ታላላቅ ጥያቄዎች ነበሩት። «መሬት ላራሹ» የተባለው በየካቲት 1967 ዓ.ም. በታወጀው ዐዋጅ መልስ አገኘ፤ የባላባቱ ርስት ተሻረ። ስለዚህ ያ እንቅስቃሴ መከነ የሚል ጸሐፊ ይሳሳታል። ሁለተኛው፣ የሕዝብ መንግሥት ጥያቄ፣ ወታደራዊው ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሥልጣኑን ከያዘ በኋላ መልስ አላገኘም። ይህንንስ መከነ እንበለው? መከነ ብንል ጉድለቱ የራሱ የጥያቄው ይሆናል፤ አፈሩ አልሆነለትም፣ ዘሩ አልያዘም እንደ ማለት ነው። ተኮላሸ ብንል ግን አንባቢው ራሱ «ማን አኮላሸው?» ብሎ ይጠይቃል። ስለ ውቤ በረሃም «ጊዜው አለፈና ጭፈራው ቆመ» ይባላል፤ ነገር ግን ከአብዮቱ በኋላ የመጣው የሰዓት እላፊ ዐዋጅ የሌሊት ሕይወትን በእጁ እንደ ዘጋው እናውቃለን። ጊዜ ብቻውን በር አይዘጋም።

ቃላችንን መጠንቀቅ የሚያስፈልገን ስለዚህ ነው። የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ገበሬውን ሲያስተምር «እንሰልባለን» ቢል ገበሬው በጆሮው የሚሰማው ንጥቂያን ነው፤ «እናኮላሻለን» ወይም «እንቀጠቅጣለን» ቢል ግን የሚሰማው የአባቱን ሥራ ነው። ለሴቷና ለዝንቡ «ማምከን» ይበል። ጋዜጠኛው ስለ ተራበ ሰው ሲጽፍ «ሰለባ» ባለ ጊዜ ከቃሉ ጋር ሰላቢ አብሮ እንደሚመጣ ያስታውስ፤ ሰላቢው ድርቅ ብቻ ነውን ብሎም ይጠይቅ። ገጣሚውና ጸሐፌ ተውኔቱም የትውልድን ተስፋ ሲያለቅስ ተስፋው መከነ፣ ጨነገፈ፣ ወይስ ተኮላሸ ብሎ አስቀድሞ ይለይ። የኒቅያ ሊቃውንት ከፍርዳቸው በፊት የጠየቁት ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ያደረገው ማን ነው? አርሶ አደሩም ጥያቄውን በበረቱ ውስጥ ለሰንጋው፣ ለሙክቱና ለኮርማው የተለያየ ስም በመስጠት መልሶታል። ቃሉን ከእርሱ ከተቀበልን ጥያቄውንም አብረን መቀበል ይገባናል።